ከማስታምማቸው እናት የተሰጠኝ ቡፌ፦ ደረቷን የምትወጋ ወፍና ፀሐይ ውስጥ የተጻፉ ፊደላት ያሉበት፤ የምታውቁ እርዱኝ

ፀሐይ_በመስኮት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድሮ ዕቃና ስለ እንጨት የሚያውቁ ሰዎች እዚህ እንደሚጫወቱ ስላየሁ ነው የምጽፈው። የምኖረው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት እናት ሳስታምም ኖሬ ባለፈው ጥር ዐረፉብኝ፤ 91 ዓመታቸው ነበር። ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ሲያጸዱ «ለመታሰቢያ የምትፈልጊውን አንድ ነገር ውሰጂ» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ የመመገቢያ ክፍሉን ቡፌ አልኩ። ታላቅየው ልጃቸው ትንሽ ዝም አለና «እናቴም ላንቺ እንዲሆን ትፈልግ ነበር» አለኝ።

አሁን የክፍሌን አንድ ግድግዳ ይዞታል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ62፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ4፣ ጥልቀቱ 48 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ ሁለት መሳቢያ፣ ከታች ሁለት በር አለው። እንጨቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነጭ ነገር እየተሰካበት ነው ያጌጠው። ቅብ አይደለም፤ በጣቴ ስዳብሰው ነጩና ጥቁሩ እኩል ነው። ዳር ዳሩን እንደ ነጠላ ጥለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይዞሩታል። አንዱ መሳቢያ ላይ የወይን ዘለላ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር፣ ሌላው ላይ የስንዴ ዛላ አለ። ግራ በሩ ላይ ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ አለች፤ መሐሏ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት (አይ፣ ኤች፣ ኤስ)፣ ከኤቹ በላይ መስቀል፣ ከሥር ደግሞ ሦስት ምስማር። አንደኛው ምስማር ወድቆ ቦታው ባዶ ነው። ቀኝ በሩ ላይ አንገቷን አጥፋ በመንቁሯ ደረቷን የምትወጋ ትልቅ ወፍ አለች፤ ከሥሯ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተዋል። በሁለቱ ጠርዞች ከላይ እስከ ታች መሰላል፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ጦርና አውራ ዶሮ ተደርድረዋል።

ሲኞራ (እንደዚያ ነበር የምጠራቸው) ጠዋት ጠዋት ዳቦ ከማውጣታቸው በፊት ወፏን በጣታቸው ነካ ያደርጓት ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ይቆጨኛል።

ይሄ የቤት ዕቃ ነው ወይስ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ? የተሰረቀ ነገር ቤቴ አስገብቼ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ነጩ የዝሆን ጥርስ ነው ያሉኝም አሉ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ «በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ ቫርኒሽ ቀቢው፣ አዲስ ይሆናል» አለችኝ። ወደፊት አዲስ አበባ ለእናቴ ልልክላት ሐሳብ አለኝ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

መሮና_መዶሻ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

የኔ ልጅ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ሁለተኛ፣ ያንን ብርጭቆ ወረቀት ከእጅሽ ጣይው። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አርባ ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነጩም ጥቁሩም ከላይ ያለው ሽፋን ብቻ ነው፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሞላ ብዙ ነው። ብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ የሚበላው የድሮውን ሰምና እጅ የነካውን ወዝ ነው፣ ቀጥሎ የወፏን ላባ መስመሮች። ያ አንዴ ከሄደ ማንም አይመልሰውም። ቫርኒሹም እንደዚያው፤ ነጩ ቢጫ ይሆንብሻል።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። መሳቢያውን አውጪና ከጎኑና ከሥሩ እዪው። ማዕዘኑ ላይ ጥርስ በጥርስ የተጋጠመ ነው ወይስ በምስማር የተመታ? የመጋዙ ፈለግ ቀጥ ብሎ የሄደ ነው ወይስ ክብ ክብ? በሩን የያዘውን ቪቴ አንዱን ብቻ በካቻቪቴ በጥንቃቄ ፍቺና ጫፉ ሹል መሆኑን ንገሪኝ። የማይፈታ ከሆነ አትታገዪው።

ንጹሕ_ቤት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ሐዘንሽን እግዚአብሔር ያጽናሽ። ግን የልቤን ልናገር። የጌታን ስም ሳህንና ሹካ በሚቀመጥበት ሳጥን ላይ ማየት ልቤን ይከብደዋል። የማናውቀው ምልክት ደግሞ የማናውቀው ነው። ወፍ እየነኩ ዳቦ ማውጣትም ልማድ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም። ከመላክሽ በፊት ለእናትሽ ብትነግሪያት ደግ ነው።

ዘሮማ_ዲያቆን · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድሜ ወይም እህቴ ንጹሕ ቤት፣ የተናገርከው ከቅንነት ነው፤ ስለዚህ በቅንነት ልመልስ። ምልክቶቹ የማይታወቁ አይደሉም። አንድ በአንድ የሚነበቡ ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ ፊደላት የጌታችን ስም ናቸው። መነሻቸው ላቲን አይደለም፣ ግሪክ ነው፤ ኢየሱስ በግሪክኛ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ኢዮታ፣ ኤታና ሲግማ ናቸው። ኤታ በትልቁ ሲጻፍ የላቲኑን «ኤች» ስለሚመስል ነው በኋላ ሰዎች የላቲን ሐረግ ምህጻር እያደረጉ የተረጎሙት። በፀሐይ መሐል አድርጎ በሕዝቡ ዘንድ ያስፋፋው የሲየናው በርናርዲኖ ነው፤ የፍራንሲስካን መነኩሴና ሰባኪ ነበር፣ በ1444 ዐረፈ። በስብከቱ መጨረሻ ይህን የተሣለበትን ጣውላ ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1420ዎቹ ባዕድ አምልኮ አስገባ ተብሎ ሮም ተከሶ ቀርቦ ነጻ ወጣ። እንግዲህ የንጹሕ ቤት ጥርጣሬ ያኔም የተነሳ ጥርጣሬ ነው።

እህቴ ፀሐይ፣ ላንቺ ደግሞ የሚቀርብ ታሪክ አለ። በርናርዲኖ የሰበከባት አንዷ ከተማ ያንቺዋ ቦሎኛ ናት። ቁማርን አጥብቆ ስላወገዘ የመጫወቻ ካርታ እየሣለ የሚኖር አንድ ባለሙያ «እንጀራዬን ዘጋህብኝ» ብሎ መጣበት ይባላል። እሱም ፀሐይዋንና ስሙን ሠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሣል» አለው። በሰው በር ላይ፣ በሰው ሣጥን ላይ መውጣት የጀመረው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ስሙ ወደ ቤት የገባው ተንቆ አይደለም፣ ተፈልጎ ነው።

ከሥር ሦስት ምስማር ሲጨመርበት ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበርም ዓርማ ይሆናል፤ ግን በዚያ ብቻ የእነሱ ንብረት ነበር ማለት አይቻልም፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ምስማሮቹን በተመለከተ እኛ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ይቆጥራል። የኛ አባቶች ቅንዋተ መስቀሉን አምስት አድርገው በስም ይጠሯቸዋል፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። የምዕራቡ ሥዕል ግን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሁለቱን እግሮች አነባብሮ በአንድ ምስማር ስለሚያሳይ ሦስት ሆኑ። ሦስት ምስማር ስታዪ የምዕራቡን ልማድ የተከተለ እንደሆነ እወቂ።

መሰላሉ፣ ጉጠቱ፣ መዶሻው፣ ጦሩ የሕማማቱ ዕቃዎች ናቸው። አውራ ዶሮው ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ የካደባት ሌሊት ነው።

ዝዋይ_ዳር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወፏ ፔሊካን ናት! ያደግኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፣ ልጅ ሆኜ ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን አንጀት ለመቀማት ሲሰለፉ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ በብዙ መንጋ ይፈለፈላሉ።

በእርግጥ ግን ደረታቸውን አይወጉም። ከምንቃራቸው ሥር ትልቅ ከረጢት አላቸው፤ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ሲያወጡ ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ ይጫኑታል። ከሩቅ ያየ ሰው ራሷን የምትወጋ ይመስለዋል። ትረካው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ዘሮማ_ዲያቆን · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ዝዋይ ዳር፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። ትረካው እኛም ጋ አለ። «ፊሳልጎስ» የሚባለው የእንስሳትን ጠባይ እየተረከ ምሥጢር የሚያስተምር መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ከተመለሱት የጥንት መጻሕፍት አንዱ ነው። እዚያ ላይ እንዲህ ይላል በአጭሩ፦ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ወላጆቻቸውን ፊታቸውን ይመቷቸዋል፤ ወላጆቹም መልሰው ይመቷቸውና ይሞታሉ። ከዚያ ያዝኑላቸዋል። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ጎኗን ቀድዳ ደሟን ታፈስባቸዋለች፣ ይነሳሉ። ስለ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ እህቴ ፀሐይ፣ ወፏ ከአገርሽም ከመጽሐፍሽም እንግዳ አይደለችም። ከወይኑና ከስንዴው ጋር ስትቆም ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሥጋውና ደሙ። ሲኞራ ዳቦ ከማውጣታቸው በፊት የነኩት ይህን ነው።

ፀሐይ_በመስኮት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ዲያቆን፣ ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ፌርማታ አለፈኝ። ስድስት ዓመት ከዚያች ወፍ ፊት ቆሜ ሳህን አወጣሁ፣ ሳህን መለስኩ።

ጋሼ መሮና መዶሻ፣ ያሉኝን አደረግሁ። መሳቢያው ማዕዘኑ ላይ ጥርስ በጥርስ ነው የተጋጠመው። ከሥሩ ያለው ጣውላ ላይ ክብ ክብ የመጋዝ ፈለግ አለ። ቪቴው በቀላሉ ተፈታ፤ ጫፉ ሹል ነው፣ ከላይ ያለው ስንጥቅ ቀጥ ብሎ መሐሉ ላይ ነው። መልሼ አስሬዋለሁ።

መሮና_መዶሻ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጎሽ። በማሽን የወጣ ቪቴ ነው፤ በእጅ ይሠራ የነበረው ጫፉ ደነዝ፣ ስንጥቁም ወደ አንድ ጎን የሄደ ይሆን ነበር። ክብ ፈለጉም የሞተር መጋዝ ነው። እንግዲህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው ቡፌሽ። ይሄ ግን ማነስ አይደለም። ማዕዘኑን ጥርስ በጥርስ ያጋጠመው ሰው አልቸኮለም።

እድሳት_ሎምባርዲያ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ሥራዬ ይሄ ነው፤ ሎምባርዲያ ውስጥ የድሮ የቤት ዕቃ የሚታደስበት ትንሽ ዎርክሾፕ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ለብቻ የላክሽልኝን ፎቶዎች ተመልክቼ የሚመስለኝን ልጻፍ።

ጋሼ እንዳሉት ነው። ጣሊያን በ1861 አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ ሀብታሙም መካከለኛውም ቤተሰብ የአያቶቹን የሕዳሴ ዘመን የሚያስታውስ ዕቃ ፈለገ፤ ሚላንና ፍሎረንስ ያሉ ባለሙያዎችም በዚያ መልክ መሥራት ያዙ። ጥቁር እንጨት ላይ ነጭ መሰካት የዚያ ጊዜ ጣዕም ነው። ዳር ዳሩን የሚዞሩት ሦስት ማዕዘኖች «ቸርቶዚና» ከሚባለው ከጥንቱ አሠራር የተወሰዱ ናቸው፤ ስሙ ከካርቱዚያን መነኮሳት ገዳማት የመጣ ነው። ሥዕል የሚሆነው፣ እንደ ወፏና እንደ ወይኑ ያለው፣ «ኢንታርሲያ» ይባላል፤ ቃሉ ራሱ መሠረቱ ዓረብኛ ነው፣ ፈርጥ ማስገባት ማለት ነው።

ጥቁሩ እንጨት ዞጲ (ኢቦኒ የሚሉት ውድ ጥቁር እንጨት) ነው ብለሽ ጠብቀሽ ከሆነ አይመስለኝም። በሩ ውስጥ በማይታይ ቦታ ተጭሮ ያለው ጭረት ፎቶሽ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ያሳያል። በአውሮፓ ፔር የሚሉት የፍራፍሬ ዛፍ እንጨት ጠቁሮ እንደ ዞጲ እንዲመስል ይደረግ ነበር። ዞጲና የዝሆን ጥርስ አንድ ላይ መጥቀስ የጥንት ነገር ነው፤ ሕዝቅኤል 27 ላይ ለጢሮስ ከሚመጣው ሸቀጥ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን አሉ። ያንን ግርማ በርካሽ ዋጋ ለማግኘት ነው ፔሩ የጠቆረው።

ነጩን በተመለከተ፣ በትኩስ መርፌ ሞክሪ የሚልሽ ሰው ይመጣል፤ እንዳትሰሚው፣ ጠባሳ ይተዋል። አጉሊ መነጽር ግዢ፣ ከመስኮቱ አጠገብ በቀን ብርሃን እዪው። አጥንት ከሆነ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም አጫጭር ጭረት ታያለሽ፤ ደም የሚመላለስባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ቆሻሻ ስለሚገባባቸው ይጠቁራሉ። የዝሆን ጥርስ እነዚያ ነጠብጣቦች የሉትም፤ አግድም የተቆረጠ ከሆነ እርስ በርስ የሚተላለፉ ስስ መስመሮች እንደ መረብ ይታያሉ። ይሄን ማወቅሽ ዋጋ አለው፤ በአውሮፓ ሕብረት የዝሆን ጥርስ ያለበት ዕቃ ምንም ያህል የድሮ ቢሆን ለመሸጥም ወደ ውጭ ለመላክም የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል።

አረንጓዴው ቅጠል ሻጋታ መሰለኝ ብለሽ ለብቻ ጽፈሽልኝ ነበር። አትጥረጊው። በሕዳሴ ዘመን ባለሙያዎቹ ጫካ እየዞሩ አንድ ዓይነት ፈንገስ በልቶት አረንጓዴ የሆነ እንጨት ይሰበስቡ ነበር፤ ቀለም ሳይነካው የተፈጥሮ አረንጓዴ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በቀለም የተቀቀለ እንጨት ወይም አጥንት ተለመደ። የትኛውም ቢሆን ያ አረንጓዴ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። የወይኑ ፍሬ ላይ ያለውን ጥላስ አየሽው? እንጨቱን ጠርዙ ላይ በጋለ አሸዋ ውስጥ ነክረው በማጠየም ነው የሚሠሩት፤ ከልኩ ትንሽ ቢያልፍ ያርራል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ። የቤተ ክርስቲያን አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቁም ሣጥን ሰፊና ዝቅ ያሉ መሳቢያዎች ይኖሩታል፣ ልብሰ ተክህኖው ሳይታጠፍ እንዲተኛ። 48 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለዚያ አይበቃም፣ ለሳህን ግን ልክ ነው። ልብሽ እንዲያርፍ ከፈለግሽ፣ ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች ከ1969 ጀምሮ የባህል ቅርስ የሚጠብቅ ክፍል አላቸው፤ የተሰረቁ ዕቃዎችን ከነፎቷቸው ከሚይዘው መዝገባቸው ማንም ሰው በኢንተርኔት መፈለግ ይችላል። የጣሊያን ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤም «ቤዌብ» በሚባል ድረ ገጽ የየሀገረ ስብከቱን ንዋየ ቅድሳት መዝግቦ አውጥቷል።

ስሙንም ልንገርሽ። ሲኞራ ምን ይሉት ነበር? «ክሬዴንዛ» መሆን አለበት። በጣሊያንኛ ቀጥተኛ ትርጉሙ እምነት ማለት ነው። በመሳፍንት ቤት ምግቡና መጠጡ ለጌታው ከመቅረቡ በፊት አንድ አሽከር ፊቱ ቆሞ ይቀምሰው ነበር፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳመን። መቅመሱ «እምነት ማድረግ» ተባለ፤ ስሙ ምግቡ ወደሚቀመጥበት ጠረጴዛ ተላለፈ፣ ከጠረጴዛው ወደ ሣጥኑ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ከመሠዊያው አጠገብ ወይኑና ውኃው የሚቀመጥባት ትንሽ ጠረጴዛ በዚሁ ስም ነው የምትጠራው።

ዝዋይ_ዳር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ይሄማ አሳላፊው ነው! ጠጅ ሲቀርብ አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣ አልነበር? አያቴ ሰርግ ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ። እንግዳውን በዓይናቸው እያዩ ነበር የሚጠጡት።

ንጹሕ_ቤት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

አሳላፊውን ስታነሱ ልቤ ተነካ። አባቴም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ያልኩትን አልሰርዝም፣ የጌታ ስም ያለበትን ነገር እንደ ተራ ዕቃ መያዝ አሁንም ያስፈራኛል። ግን እሳቸው እንደ ተራ ዕቃ አልያዙትም። እህቴ ፀሐይ፣ ስለ ልማዳቸው በጥርጣሬ የተናገርኩትን ይቅር በይኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ዲያቆን፦ እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱ ውስጥ ዕለት ዕለት ቢጠቀምበት ነውር የለውም?

ዘሮማ_ዲያቆን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ተባርኮ ለመቅደስ አገልግሎት የተለየ ንዋየ ቅድሳት ሌላ ነው፤ እሱ ወደ ቤት አይገባም፣ ተገኝቶም ከሆነ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሄ ግን ከመጀመሪያው ለማዕድ የተሠራ ነው። አባቶቻችን ማዕዱን ሳይባርኩ አይቆርሱም፤ እዚህ ባራኪው ከእንጨቱ ላይ ተጽፏል ብዬ ነው የማየው። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ የመጨረሻውን ግን ለንስሐ አባቷ ትንገር። እኔ ብሆን ስሙ ባለበት በር ውስጥ ጫማና መድኃኒት አላስቀምጥም። ዳቦ አስቀምጣለሁ።

ጭነት_መንገድ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ መላኩ ማንም ስላልመለሰላት ልግባ። ጣሊያን ውስጥ ዕድሜው ከ70 ዓመት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ዕቃ ዝም ብሎ ኮንቴይነር ውስጥ አይገባም። ዋጋው ከ13,500 ዩሮ በታች ቢሆን እንኳ የባህል ሚኒስቴሩ ኤክስፖርት ቢሮ ዘንድ መግለጫ ይቀርባል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለዚያ ወደብ ላይ ይያዛል። ልጆቻቸው በስጦታ እንደሰጡሽ የሚገልጽ አንድ ወረቀት አሁኑኑ አስፈርሚ፤ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ሰው ይበታተናል።

መሮና_መዶሻ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡35

ወረቀቱስ ይሁን። እንጨቱን ማን ይጠይቀው? ያ ቡፌ መቶ ዓመት በላይ በሰሜን ጣሊያን በፖ ወንዝ ሸለቆ ጭጋግ ውስጥ የኖረ ነው። አዲስ አበባ በበጋ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ አየሩ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቂያለሽ፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አጥንት ግን እንደ እንጨት አይኮማተርም። ሥሩ ሲጠብ ላዩ የት ይሂድ? ይፈነቀላል። ኮላውም የድሮ ነው፣ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የተሠራ፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ከአውሮፓ በዘመዶቻቸው የመጡላቸውን ዕቃዎች እንዲህ ተፈናቅለው ያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለእናትሽ የሚሆን ቡፌ እዚሁ ከዋንዛ ይሠራላታል፤ ያንቺው እዚያው ቢቀር ይሻላል። ከማሞቂያውም አርቂው።

ደግሞ ስለ ነቀዝ። ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ካየሽ አትደንግጪ፣ የቆየ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊና አንድ ሳምንት ተዪው። አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ያኔ እንደ እድሳት ሎምባርዲያ ላለ ባለሙያ አሳዪው። ካልወረደም አልፎ አልፎ እዪው።

አንድ ነገር ረስቼ። ከድሮ ቡፌ የወደቀ ቁራጭ ሩቅ አይሄድም። የድሮ ሰው ደግሞ አይጥልም። የወደቀውን ምስማር መሳቢያዎቹን አውጥተሽ ከኋላቸው ባለው ክፍተት ፈልጊ፤ ከሲኞራ ቤት ይዘሽ በመጣሽው በማንኛውም ቆርቆሮ ወይም ሣጥን ውስጥም ፈልጊ።

ፀሐይ_በመስኮት · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ብዙ የምነግራችሁ አለኝ።

አጉሊ መነጽር ገዛሁ። አጥንት ነው! ፀሐይዋ ጨረር ላይ፣ ጫጩቶቹ ላይ፣ ሁሉም ላይ ጥቃቅን ጥቁር ጭረቶች አሉ። ያንን ሳይ ደስ አለኝ፤ ለዚህ ሲባል ዝሆን አልሞተም። መዝገቦቹንም ፈለግሁ፣ የኔን የሚመስል የለም። ልጅየው ደብዳቤውን በደስታ ፈረመልኝ፤ ሲፈርም «ክሬዴንዛ» ብሎ ነው የጻፈው። እናቱ ከእናቷ እንደወረሰችው፣ የእናቷ እናት ደግሞ ለሰርጓ ከአባቷ እንደተሰጣት ነገረኝ።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ሳን ዶሜኒኮ ሄድኩ። ከቤቴ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። የመዘምራኑን መቀመጫ የሠራው ፍራ ዳሚያኖ የሚባል ከቤርጋሞ የመጣ ዶሚኒካዊ መነኩሴ ነው፤ በ1549 ነው ያረፈው። ሁሉም እንጨት ነው። ሰው፣ ከተማ፣ ደመና፣ የልብስ እጥፋት፣ ሁሉም ከተቆራረጠ እንጨት። እዚያ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ፣ ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ በ1530 ዘውድ ሊጭን ቦሎኛ በመጣ ጊዜ ቅብ መስሎት በጩቤው ፍቆ እንዳየው እንደሚተረክ ነገሩኝ። ብርጭቆ ወረቀት ትዝ አለኝና ጋሼን በልቤ አመሰገንኩ። እድሳት የነገርከኝን የጋለ አሸዋ ጥላ ፊቶቹ ላይ ፈለግሁት፣ አገኘሁት። ደጋግሜ ዞርኩ።

ጥቁር ወረቀቱን ዘርግቻለሁ፣ እስካሁን ምንም አልወረደም።

እናቴን በስልክ ነገርኳት። ስለ ወፏ የዲያቆንን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ለምን ትልኪልኛለሽ፣ እዚያው ዳቦሽን አውጪበት» አለችኝ። ስለዚህ አልልከውም።

አሁን ምስማሩ። ጋሼ እንዳሉኝ ከመሳቢያው ኋላ ፈለግሁ፤ የወይን ጠርሙስ ቡሽና አንድ የጸሎት መቁጠሪያ ዶቃ አገኘሁ፣ ምስማሩ የለም። ከዚያ የሲኞራ የስፌት ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። ቁልፍ ስንተክል የምንጠቀምበት የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ልጃቸው ስትጥለው አንስቼው ነበር። ቁልፎቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። ከሥር በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ አለ። የትንሿ ጣቴ ጥፍር አያክልም። ቀፎው ላይ በእርሳስ በእሳቸው ጽሕፈት «የክሬዴንዛው ምስማር» ተብሎ ተጽፏል።

እጄ ይንቀጠቀጣል። በምንድነው የማጣብቀው?

እድሳት_ሎምባርዲያ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ፈጣን ማጣበቂያ እንዳትጠቀሚ፣ ያ ዳግመኛ አይፈታም። እንደ መጀመሪያው በቆዳ ኮላ ነው የሚመለሰው፤ ለሚቀጥለው ሰው በሙቅ ውኃ የሚፈታ መሆን አለበት። የሥዕል ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ደረቁን በፍርፋሪ መልክ ይሸጡልሻል፤ ትንሽ ብቻ ግዢ።

ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ጠዋት ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠሽ አሙቂው፣ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድ፣ እንዳይፈላም። ባዶውን ቦታ በጥርስ እንጨት ጫፍ አጽጂው፤ የድሮው ኮላ ቅሪት ካለ በሞቀ ውኃ በራሰ ጥጥ ለስልሶ ይወጣል። በሩን ከማጠፊያው አውጥተሽ አስተኚው፣ ቆሞ እያለ አይሆንም። አንድ ጠብታ ብቻ። ምስማሩን ስትመልሺ የቱ ጎን ወደ ላይ እንደነበር በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ካለው ጭረት እዪ። የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጊ፣ ከላዩ ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጊና ትንሽ ክብደት ጫኚበት።

መሮና_መዶሻ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ክብደቱ የስኳር ከረጢት ቢሆን ይበቃል። ኮላው እስኪይዝ አንድ ቀን ሙሉ አትንኪው፣ የኔ ልጅ። ወፏንም ጭምር።